ጫማዬን የት ላስቀምጥ?

ጥቅምት 3

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ስልክማ ብደውልልህ «ማን? ማን?» እያልክ ሰፈሩን ትሰበስባለህ እንጂ የምነግርህን አትሰማም። ያ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ጆሮህን በልቶ ሲጨርስ ለእኔ የተረፈኝ ይኼው እስክሪብቶ ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ሳሉ ለቆኛል። አይ፣ ቤት አልቀየርኩም። ገጽ ቀናጅዋ፣ ያቺ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጠው ጓደኛዬ፣ ሁለት ክፍል ቤት አግኝታ አብረን እንግባ ብላኛለች። ለምን እንደማልችል ታውቃለህ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ እማዬን ፍለጋ በጋዜጣችን የማወጣው ማስታወቂያ ላይ ያለው አድራሻ የዚህች ክፍል ነው። እማዬ አንድ ቀን አይታው ብትመጣ የማታውቀውን ሰው በር እንድታንኳኳ አልፈልግም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው አሥረኛውን አይፈራም።

አሁን ወሬዬን ስማ። የፊልም ዓምድ የሚጽፈውን ሰውዬ ሌላ ጋዜጣ ወሰደው። አለቃዬ ሰኞ ጠዋት አራሚዎች ክፍል ብቅ ብሎ «ከእናንተ ውስጥ ልብ ወለድ የሚወድ ማነው?» አለ። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ገጽ ቀናጅዋ ናት ይዛ ያወጣችልኝ። የተሰጠኝን ፊልም ብነግርህ አታምንም፦ «ሰባቱ የጉም በሮች»። የእኛው መጽሐፍ። ጥሩ ከጻፍኩ ዓምዱ የእኔ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ አሁን በስሜ ሊወጣልኝ ነው።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ አዲሱን ዕትም ይዟል፤ ሽፋኑ ላይ የተዋናይዋ ፊት አለበት። እኔ አልገዛሁም። ምን ያደርግልኛል? በስምንት ዓመቴ ከዳር እስከ ዳር አንብበህልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። በራሴ ዐይን ባነበው ደግሞ ያንተ ድምፅ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልነካሁት።

ፊልሙ እስከ ስድስተኛው በር ድረስ ጥሩ ነው። ጉሙ ጉም ነው፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ በረደኝ። የሦስተኛው በር ዘበኛ አንተን አያክልም፤ አንተ አፍንጫህን ይዘህ ስትናገር ነበር የሚያስፈራው። የገደለኝ መጨረሻው ነው። እናትየው የተሰረቁትን ድምፆች ልታመጣ ጉሙ ውስጥ ገብታለች፣ ልጅቷ ድልድዩ ጫፍ ላይ ፋኖስ ይዛ ትጠብቃለች፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ልጅቷ ፋኖሱን እፍ ብላ አጥፍታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ዳገቱን ይዛ ሄደች። አለቀ። እናትየዋስ? የረጠበ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጉሙ ወጥታ «ጫማዬን የት ላስቀምጥ?» የምትለውስ? ሰባት በር አልፋ መጥታ፣ ገበያ ደርሳ እንደተመለሰች ሁሉ ጫማዋን የት እንደምታደርግ የምትጠይቅ እናት! ከዚያ የበለጠ ዓረፍተ ነገር በየትኛው መጽሐፍ አለ? ቆርጠው ጣሉት። ሰው መሐል ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። መጽሐፉ ያለው አንተ ዘንድ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠህ ላክልኝ፣ ቃል በቃል መጥቀስ እፈልጋለሁ። ጽሑፉን የማስረክበው ጥቅምት 15 ነው።

እህትህ


ጥቅምት 9

ለእሜቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ዓምዱ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ መጠረዣ ቤት ለሁሉም ነገርኳቸው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ግን ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ስለ ጆሮዬ ላነሳሽው፣ እንዳለ ነው፤ ማለትም የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ የእኔን ማለታቸው ነው። ሐኪሙ ማዳመጫ ልግጠምልህ ይለኛል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ስሰማ ኖሬ አሁን ደግሞ ምን ልሰማ ነው እለዋለሁ። ባለፈው ብቻህን አትብላ ብለሽኝ ነበር። ምሳ ከሠራተኞቹ ጋር መብላት ጀምሬያለሁ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ አፋቸውን አያለሁ።

መጽሐፉን አሁን ልገለብጥልሽ አልቻልኩም። ጀርባው ላልቶ ስለነበር ፈትቼዋለሁ፣ ቅጠሎቹ ተበታትነው ነው ያሉት፣ ሙጫውም ገና ነው። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ከመጻፍሽ በፊት አዲሱን ዕትም ግዢና መጨረሻውን በራስሽ ዐይን አንብቢው። በሰሙት ከመፍረድ ባዩት መፍረድ ይሻላል። እባክሽ።

ገጽ ቀናጅዋ ደህና ሰው ትመስለኛለች። አብረሻት ብትገቢ ክፋቱ ምንድነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 18

ወንድም ጋሼ፣

ሙጫ ሙጫ እያልክ አታታልለኝ። ጥያቄ ስትሸሽ አውቅሃለሁ። ልጅ ሆኜ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ስልህም ምስማር ፍለጋ ትነሳ ነበር።

አልገዛሁም። ያንተን ቃል በመጻሕፍት መደብር ላመሳክር? ከትዝታዬ ጻፍኩት፣ ትናንት ወጣ። ቆርጬ ልኬልሃለሁ። የወደድኩትን ቦታ ግን ራሴ ልጻፍልህ፦ «ፊልሙ ጉሙን አምጥቶ ሰውን ረስቷል። ደራሲው ሰባት በር ያስከፈተን ለአንዲት አጭር ጥያቄ ሲል ነበር፦ ‹ጫማዬን የት ላስቀምጥ?› ይህን የቆረጠ ዳይሬክተር መጽሐፉን አላነበበውም።» አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ። እሱ መጽሐፉንም አላነበበ፣ ፊልሙንም አላየ፤ ግን «እንዲህ ነው መፍረድ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የሄድኩበት ቀን የለም።

ከገጽ ቀናጅዋ ጋር ብትገቢ ክፋቱ ምንድነው ላልከኝ፣ መልሱን ታውቀዋለህ። ከሥራ ስመጣ የሚቀበለኝ የበረንዳው አምፖል ነው፣ አብርቼው ነው የምወጣው።

ማስታወቂያው እንደወትሮው ኅዳር 15 ይወጣል። ዘንድሮ ፊደሉን ከፍ አስደርጌዋለሁ። ዐይኗ ደክሞ ይሆናል ብዬ ነው።

እህትህ


ጥቅምት 26

እህቴ፣

ጽሑፍሽን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ከዚያ አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ትናንት እሁድ ከሰዓት ፊልሙን አየሁት። ቲኬት ቆራጯ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ልጆች መሐል አስቀመጠችኝ። ያየሁት ድምፅ የሌለው ፊልም ነው። ሁሉም ስቀው ሲጨርሱ እኔ እጀምራለሁ። ብቻ ድምፅ ሲጠፋ ሰው እጅ ያያል። ልጅቷ ፋኖሱን ከማጥፋቷ በፊት መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ አስተውለሻል? ልታጠፋው ነው፣ ትታው ልትሄድ ነው፣ ግን ትወለውለዋለች። እዚያ ላይ እኔም እንዳንቺ አለቀስኩ፣ በንዴት ግን አልነበረም። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ እሜቴ። መጨረሻውም ልክ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው መጽሐፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቅጠሎች የሉትም። ሲገዛም አሮጌ ነበር፣ ጎድሎ ነው የመጣው። አንቺ ተኝተሽ «ከዚያስ?» ስትይኝ የማነብልሽ አጣሁ፣ ከራሴ ፈጥሬ ጨረስኩት። ጫማዋን የምትጠይቀው እናት የእኔ ናት። ደራሲው አያውቃትም።

ሳትጽፊ በፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ፈራሁ። በሙጫ አመካኘሁ። አሁን ማንም ሳያስተውል ያልፍ ይሆናል። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 30

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ረቡዕ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሃያ ሦስት ደብዳቤ ከምሮ ጠበቀኝ። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው፣ ሁሉም ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈልገው አጥተዋታል። የሰደቡኝ አሉ፣ ምንም አልመሰለኝም፣ ስድብ ይለመዳል። ያሳመመችኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው የምትል አንዲት ልጅ ናት። «አክስቴ፣ መጽሐፉን ሳታነቢው ነው መሰለኝ፤ የእኔን ላውስሽ እችላለሁ» ትላለች። አለቃዬ አልጮኸም። «ዓረፍተ ነገሯ ከየት መጣች?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ዓምዱን ለስፖርት አዘጋጁ ሰጡት፣ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ገጽ ቀናጅዋ እንኳ ያን ቀን አልሳቀችም።

ዛሬ አዲሱን ዕትም ገዛሁት። እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ፊልሙ አንዲት ነገር አልነካም፤ ፋኖሱም፣ ቁልፉም፣ ዳገቱም አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ስለዚህ መጨረሻ ሲያወራ ዐይኑ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ፣ የእኔም ያቀርር ነበር። የምናለቅሰው ለተለያየ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል?

ለዚህ ሁሉ ይቅር ልልህ አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አንተ ሥራ ስትሄድ ያንን መጽሐፍ አቅፌ እውል ነበር። መጨረሻው ላይ ጣቴን የማስኬድበት የተቦጫጨቀ ጠርዝ ነበረው፣ ጥርስ ነበር የምለው። አንተው ነህ የጥራዝ ሥራ ስትጀምር ያስተማርከኝ፦ ሙጫ ለቆት የወደቀ ቅጠል ቦታውን ንጹሕ አድርጎ ይሄዳል፣ ሰው የቀደደው ግን ጥርስ ያወጣል። ደግሞም አሮጌ አልነበረም። እማዬ በሄደችበት ሰሞን ከመደብሩ እንደተጠቀለለ ስትሰጥህ አይቻለሁ።

ማን ቀደደው?


ኅዳር 5

እህቴ፣

እኔ ነኝ።

የአነባበቤን ነገር አታውቂም። ለአንቺ ከማንበቤ በፊት ምዕራፉን ሁልጊዜ ለብቻዬ አነበው ነበር፣ የቱ ሰው በወፍራም፣ የቱ በቀጭን ድምፅ እንደሚናገር ለማወቅ። የመጨረሻውን ምዕራፍ በምሳ ሰዓት ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ልጅቷ ፋኖሱን አጥፍታ ስትሄድ ከፋኝ፣ ግን ያን ያህል አልነበረም፣ ታሪክ ነው። እዚያው እንደተቀመጥኩ ፖስተኛው መጣ።

የእማዬ ደብዳቤ ነበር። ከሄደች ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ሌላ ቤት መሥርታለች። ሰውየው ልጆች እንዳሏት አያውቅም። እንዳንጠብቃት፣ እንዳንፈልጋት ትለምናለች። መጨረሻ ላይ «ለትንሿ እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ» ብላለች። አላውቅም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በአንድ ምሳ ሰዓት ሁለት መጨረሻ መጣብኝ፣ መቅደድ የምችለው አንዱን ነበር፣ ቀደድኩት።

ጫማውን ከየት አመጣኸው ትዪኝ ይሆናል። ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን የሦስት ሰው ጫማ የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም። እማዬ ከሥራ ስትመጣ በሩ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማ እንዲያ ትል ነበር። አንቺ ረስተሽው ኖሯል። እኔ ሳነበው ከመጽሐፉ የወጣ መሰለሽ፣ ሳቅሽ፣ ወዲያው ተኛሽ። እሷ ከሄደች ወዲህ ሳትነቂ ያደርሽበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል ይኼው እዚህ ደረስኩ።

ታሪኩን መቀየሬ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ማስታወቂያው ነው። ዘጠኝ ዓመት ኅዳር በመጣ ቁጥር ጋዜጣውን እየገዛሁ አንብቤዋለሁ። ለምን ቤት እንደማትቀይሪ፣ ለምን የበረንዳው መብራት እንደማይጠፋ አውቃለሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ብነግርሽ እማዬንም እኔንም የምትተዪን መሰለኝ። እኔ ከአንቺ በቀር ማንም የለኝም፣ እሜቴ። ይህን ፈርቼ ዕድሜሽን ሙሉ አስጠበቅሁሽ።

ደብዳቤዋንና ገጾቹን አልጣልኳቸውም። ሙያውን ስለምድ መጽሐፉን ጠርዤ ሽፋኑ ካርቶን መሐል ከትቼ ለጥፌባቸው ነበር። ትናንት በቢላ ከፈትኩት። ሙጫው ጥሩ ነበር፣ አንዱ ጥግ ብቻ ነው የተጎዳው። እዚህ ውስጥ አሉ፤ ኅዳር 15 ሳይደርስ እንዲደርሱሽ ፖስታ ቤት ራሴ እወስደዋለሁ።

መልሺልኝ አልልም።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

እህቴ፣

አላስቸግርሽም፣ ፖስታው መድረሱን ብቻ ብትነግሪኝ ብዬ ነው።

የኅዳር 15ን ጋዜጣ ገዛሁ። ከፊት ገጽ እስከ ሙት ዓመቱና እስከ ቤት ኪራዩ ድረስ አየሁት፣ ማስታወቂያው የለም። ምናልባት አልፌው ይሆናል ብዬ አንድ ባልደረባዬን አሳየሁት፣ እሱም አላገኘውም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም። ደህና መሆንሽን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ማዳመጫውን አስገጠምኩ። ምሳ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው። የሚያወሩት ስለ ኳስ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የቀረብኝ ይኼ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ፣ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ቤት ስገባ ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ሰማሁ። አሁን ስልክ ቢደወል እሰማለሁ ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ደውዪ ማለቴ አይደለም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ወንድም ጋሼ፣

ደርሶኛል። ዘግይቻለሁ፣ የዘገየሁትም አውቄ ነው። ትንሽ አንተም ጠብቅ ብዬ ነበር። ስለ ስልኩ የጻፍከውን ሳነብ ግን አላስቻለኝም።

ደብዳቤዋን አነበብኩት። ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ቦታ በቀይ አረምኩት፣ ከዚያ እጄን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣ። ፊደሏ ከእኔ ፊደል ጋር አንድ መሆኑን ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?

ማስታወቂያውን ራሴ ነኝ ከገጹ ያወጣሁት። ገጽ ቀናጅዋ ቦታው ባዶ ሆነ፣ ምን ላስገባበት አለችኝ። እርማት አስገቢበት አልኳት። ያመለጠህ ማስታወቂያ ስትፈልግ ስለነበር ይሆናል፣ እንዲህ ይላል፦ «በጥቅምት 17 ዕትማችን በፊልም ዓምድ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ዓረፍተ ነገሩ የአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ጸሐፊዋ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በዓረፍተ ነገሩ ግን አታፍርም።» አለቃዬ የመጨረሻዋን ሐረግ ሰረዛት። አትምው አልኩት፣ ዘጠኝ ዓመት ስህተታችሁን ስሸፍን አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም አልኩት። መልሶ ጻፋት። ዓምዱ ግን የስፖርቱ ሰውዬ ዘንድ ቀርቷል፤ ስለ ፍቅር ፊልም ሲጽፍ ነጥብ ይቆጥራል።

ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ መልስ ጻፍኩላት። መጽሐፉን ገዝቻለሁ፣ ስለ ብድሩ አመሰግናለሁ አልኳት።

ፊልሙን ደግሜ አየሁት። መወልወሏን አየሁ። ልክ ነህ፣ ጥሩ ፊልም ነው፣ አይዋሽም። እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ ግን ያንተን እመርጣለሁ። ልክ ስለሆነ አይደለም፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ስለሠራው ነው።

የሚቀጥለውን ሳታኮርፍ አንብበው። ለታሪኩ ይቅር ብዬሃለሁ። ለማስታወቂያው ገና ነኝ። በየኅዳሩ ያንን አድራሻ ፊደል በፊደል ሳርም አንተ አንድ ቃል አለማለትህ አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ድንገት ይመጣብኛል፣ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። ያልፋል መሰለኝ። በደብዳቤ ግን አያልፍም። ፊትህን እያየሁ ልቆጣህ እፈልጋለሁ፣ አሁን ደግሞ ጆሮ አለህ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያች ክፍሌ ወጣሁ። የበረንዳውን አምፖል አጠፋሁት፣ ከዚያ ወንበር አምጥቼ በሻሽ ወለወልኩት፣ ከዚያ ቁልፉን ለአከራዬ ሰጠኋት። ከገጽ ቀናጅዋ ጋር ገብተናል። አዲሱ አድራሻ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ፣ ከአንተ በቀር ለማንም አልሰጠሁትም። ጠዋት ጠዋት እየዘፈነች ታስቸግረኛለች፤ ማዳመጫህን አውልቀህ ብትመጣ ይሻልሃል።

በዓመት ፈቃድህ ና። መጽሐፉን ይዘኸው ና፣ ጥርሱን እንደያዘ፣ አትጠግነው። ስትደርስ በሩ ላይ ቆመህ እንዳትጠይቀኝ ከአሁኑ ልንገርህ፦ እንደገባህ በስተግራ፣ ከእኔ ጫማ አጠገብ ቦታ አለ።

እህትህ